የክረምቱ ዕቅዳችን፦ ሁለት ቤት፣ 1500 ችግኝ፣ አንድ የደም ልገሳ። የቱ ጋ ይስተካከል?

የሰፈር_ክበብ (ክሩን የከፈተው)
ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለን የበጎ ፈቃድ ክበብ ነን። አባላት 40፣ ከግማሽ በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ለክረምቱ ያሰብነው ይህ ነው፦ ከሐምሌ 5 ጀምሮ የሁለት አረጋውያን ጭቃ ቤት ማደስ (ጣራና ግድግዳ)፣ ሐምሌ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ከሰፈሩ በላይ ባለው ተዳፋት 1500 ችግኝ መትከል፣ ነሐሴ 10 ላይ ደም ልገሳ። ከችግኙ 300ው አቮካዶ ነው፤ ለነዋሪው ግቢ ይታደላል። ቤቶቹ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር በ5 ሜትር ናቸው። ቆርቆሮ ሊገዛልን ቃል የገባ ሰው አለ፣ ግን ስንት ቅጠል እንደምንል አላወቅንም። ግድግዳውን በሲሚንቶ ብንለስነውስ ይቆያል የሚል ሐሳብም ተነስቷል። አሁን ግንቦት መግቢያ ላይ ስለሆንን ዕቅዱን ለመቀየር ጊዜ አለ። ሙያው ያላችሁ ሳትሳሱ ተቹት።

አናጢው
ከጣራው ልጀምር። ሐምሌ ውስጥ ጣራ መክፈት ይቻላል፣ ግን የተከፈተ ጣራ በዚያው ቀን ተከድኖ ማደር አለበት። የክረምቱ ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሮጌውን ማንሳት ተጀምሮ እስከ 8 ሰዓት አዲሱ ተመትቶ ማለቅ ይኖርበታል። ይህ የሚሆነው ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ቀድሞ ተለክቶና ተቆርጦ መሬት ላይ ከጠበቀ ብቻ ነው። ወራጁ (ከአናት ወደ ጫፍ የሚወርደው የጣራ እንጨት) በስብሶ ከተገኘ ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ኮርኒሱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፤ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ አንድ ጥግ መፍታት ይበቃል። ወራጁን በቢላ ጫፍ ውጉት። ያለ ትግል አንድ ሳንቲ ከገባ ይቀየራል። በተለይ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጫፍና ጢስ ወጥቶ የማያውቅበትን ጥግ አትለፉት።

የቆርቆሮው ሒሳብ እንዲህ ነው። 4 በ5 ለሆነ ቤት በየጎኑ 50 ሳንቲ ክፍክፍ (ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚያልፍ የጣራ ጠርዝ) ስትጨምሩ ጣራው 5 በ6 ይሆናል። ክፍክፉን አትቀንሱት፤ ጭቃ ግድግዳን ከዝናብ የሚያድነው እሱ ነው። ጣራው ሁለት ጎን ከሆነ ከመሐል እስከ ጫፍ 2.5 ሜትር ነው፤ በ90 ሳንቲ ከፍታ ስታነሱት ተዳፋቱ 2 ሜትር ከ66 ይመጣል። ባለ 2 ሜትር ቅጠል አንዱን ሙሉ፣ ሌላውን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን (1 ሜትር) በ20 ሳንቲ ድራቢ ብታስቀምጡ 2 ሜትር ከ80 ይሸፍናል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ፣ በሁለቱም ጎን፣ 3 ቅጠል ይሄዳል። ወርዱ 80 ሳንቲ የሆነ ቆርቆሮ አንድ ተኩል ሞገድ ተደርቦ 70 ሳንቲ ያህል ይሸፍናል፤ 6 ሜትር ለ0.7 ሲካፈል 8 ከግማሽ በላይ ነው፣ 9 ረድፍ በሉት። 9 ጊዜ 3፣ 27 ቅጠል። ሁለት መጠባበቂያ ጨምሩ። ለአናቱ ክዳን 4 ቁራጭ ባለ 2 ሜትር ያስፈልጋል፤ በ3 ይበቃል የሚላችሁ ድራቢውን ረስቶ ነው። የምትገዙት ቆርቆሮ ወርዱ ከ80 የተለየ ከሆነ እዚያው ሱቅ ላይ ለክታችሁ ሒሳቡን ድገሙት።

ጌጁን ለለጋሹ አስረዱት። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፦ 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ 32 ደግሞ 0.25 አካባቢ። «32 ከ28 ይበልጣል» ብሎ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። 35 ለጣራ አትቀበሉ፤ ሰው ሲረግጠው ይሰምጣል።

ሞራሌው በየጎኑ 4 ረድፍ፣ በመካከሉ 89 ሳንቲ። የታችኛው ቅጠል 5 ሳንቲ ወደ ውጭ ካለፈ ድራቢው በትክክል ሦስተኛው ሞራሌ ላይ ይውላል። 8 ረድፍ በ6 ሜትር 48 ሜትር ነው፤ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ከሆነ 12፣ ለመቀጣጠያ ብክነት 14 ግዙ። ሚስማሩ ባለ ጎማ የቆርቆሮ ሚስማር ሆኖ ሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ፣ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውኃ የሚሄደው በቀዳዳው ላይ ነው። ጎማው ተጨፍልቆ እስኪሰነጠቅ ድረስ አትምቱት። ንጣፉን ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ጀምሩ፣ ድራቢው ለነፋስ አፉን እንዳይከፍት። ወራጁን ከቋሚው ጋር በማሰሪያ ሽቦ ሳታስሩ እንዳትወርዱ፤ አዲስ ቆርቆሮ በአሮጌ ሚስማር ብቻ በተያዘ ወራጅ ላይ ሲሆን ነፋስ ሲነሳ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

አሮጌው ቆርቆሮ የባለቤቲቱ ንብረት ነው። ቆጥራችሁ አስረክቧቸው፤ ለማዕድ ቤት ወይም ለአጥር ይሆናል።

የሰፈር_ክበብ
ጋሼ አናጢው፣ እግዜር ይስጥልን። 29 ቅጠልና 4 የአናት ክዳን ለአንድ ቤት ብዬ ጽፌዋለሁ። ጣራ ላይ ስንት ሰው ይውጣ?

አናጢው
ከላይ አራት፣ ከዚያ አይበልጥ። ሁለት የሚመቱ፣ ሁለት የሚያቀብሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ማንም አይወጣም፣ ወላጁ ቢፈቅድም። ከታች ስድስት ሰው ይበቃል፦ መሰላል የሚይዝ፣ ቅጠል የሚያነሳ፣ ሚስማር የሚለቅም። ቆርቆሮ የሚያነሳ ሁሉ ጓንት ያድርግ። የወደቀ ሚስማር በመጨረሻ በማግኔት ካልተለቀመ ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ ይወጋል። የቀሩት 30 ልጆች በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ይሰጣቸው፤ ቆሞ የሚያይ ሰው በበዛ ቁጥር አደጋ ይበዛል።

ምርጊት
ጣራው ሐምሌ ይሁን፣ ግድግዳው ግን ሐምሌ አይሆንም። ጭቃ በክረምት አይደርቅም፤ ውስጡ እርጥብ ሳለ ላዩ ይሻግታል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ መስከረም ላይ ፀሐይ ሲመታው ተላቅቆ ይወርዳል። ተማሪ የሚያርፈው ሐምሌ ስለሆነ ብቻ ሥራው ሐምሌ ላይ ይደረጋል፣ ቤቱ ግን የትምህርት ቤት ካሌንደር አያውቅም። አሁን ግንቦት ላይ ከጀመራችሁ እስከ ሰኔ አጋማሽ ይደርሳል። ካልሆነ የውጭውን ግድግዳ ለጥቅምት አቆዩት።

አፈሩን ምረጡ። መረሬ (ጥቁሩ የሚሰነጠቀው) ለምርጊት አይሆንም፤ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀይ አፈር ውሰዱ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እርጥቡን አፈር በመዳፍ አንከባልላችሁ የእርሳስ ውፍረት ያለው ገመድ ሥሩ። ከ5 ሳንቲ ሳይደርስ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፤ 20 ሳንቲ ሆኖም ካልተቆረጠ ሸክላው በዝቷልና አሸዋ ይጨመርበት። ላዩን የሣር ሥርና ቆሻሻ ያለበትን 20 ሳንቲ ግፈፉት።

ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ቀጭን ስለሆነ ስንጥቁን ይይዛል። የስንዴ ወይም የገብስ ከሆነ በጣት ርዝመት ይከተፍ። በመጠን ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ጭድ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ አጠጥታችሁ በእግር አቡኩት፣ ሸፍኑት፣ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ውኃ እየጨመራችሁ እንደገና አቡኩት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆይ። የቆየ ጭቃ ይሸታል፣ ይሙለጨለጫል፣ ግድግዳ ላይም አይንሸራተትም። በዚያው ቀን ተቦክቶ በዚያው ቀን የተመረገ ግድግዳ ነው በየዓመቱ ዘመቻ የሚጠይቀው። ማቡካቱ ለተማሪዎቹ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ይሁን፤ ከማቡካታቸው በፊት ግን ጭቃው ውስጥ ጠርሙስና ምላጭ እንዳይኖር አፈሩን በወንፊት ወይም በእጅ አጣሩት።

መጠኑ፦ የቤቱ ዙሪያ 18 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ቢሆን 45 ካሬ፤ በርና መስኮት ሲወጣ 41 ካሬ። ውጭውን ብቻ በ2 ሳንቲ ለማደስ 0.8 ሜትር ኩብ ጭቃ ይሄዳል። ማገሩ እስኪታይ ድረስ የወደቀ ከሆነና ውስጥም ውጭም በ3 ሳንቲ ከተመረገ ወደ 2.5 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ሁለቱን ሳትለዩ ጭድ አትግዙ።

አሮጌውን ግድግዳ ሳታረጥቡ አትምረጉ፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ውኃ መጥጦ ይጥለዋል። መጀመሪያ በጣት እየተጠቀጠቀ የሚገባው ምርጊት፣ እሱ ደርቆ ስንጥቁ ከወጣ በኋላ ቀጭኑ ልስን። በሁለቱ መካከል በፀሐይ ወቅት ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቁ።

ሲሚንቶውን እርሱት። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይያያዝም። ጭቃው በእርጥበት ይነፋል፣ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን አይንቀሳቀስም። ዓመት ሳይሞላው እንደ ቅርፊት ይላቀቃል፣ ከኋላው የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ቋሚውን ያበሰብሰዋል። የዶሮ ሽቦ ተመትቶበት የሚለስን አለ፤ እሱም ከመሬት ያለው እርጥበት ካልተቆረጠ ትርፉ ወጪ ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ታች ላይ አውሉት፦ ግድግዳው ከመሬት 40 ሳንቲ ከፍታ ድረስ በድንጋይ ይከበብ፣ ዙሪያውን ውኃ የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። ላዩን በኖራ መቀባት ይበቃል፤ ኖራው ቢያንስ ለአንድ ሌሊት በውኃ ይቆይ፣ ዓይን ስለሚያቃጥል መነጽር ያስፈልጋል።

ቋሚ የምትቀይሩ ከሆነ የሚቀበረውን 60 ሳንቲና ከመሬት በላይ 20 ሳንቲ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት፣ ለምስጥ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ይሸታል።

ቆጣሪ_ዝጋ
አጭር ነገር፣ ግን ማንም አላነሳትም። እነዚህ ቤቶች ላይ የመብራት መስመሩ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮውን ተጠግቶ ወይም ተደግፎ ነው የሚገባው። አሮጌው ቆርቆሮ ሲነሳ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ካገኘ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቆጣሪውን ማጥፋት የቤቱን ውስጥ ነው የሚያጠፋው፤ ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር ኃይል እንደያዘ ነው። ስለዚህ ለመብራት አገልግሎቱ ቅርንጫፍ ከሳምንት በፊት አመልክታችሁ በዚያ ቀን ከምሰሶው እንዲቋረጥ አድርጉ። ከጎረቤት የተቀጠለ መስመር ካለ እሱንም ጠይቁ፤ አረጋውያን ቤት በጋራ ቆጣሪ መጠቀም የተለመደ ነው። የብረት መሰላል አትጠቀሙ።

ውል_አዋቂ
ከቆርቆሮው በፊት ደብዳቤው። መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ አጣሩ፦ የግል ነው፣ የቀበሌ ነው፣ ወይስ አረጋዊቷ ተከራይ ናቸው? የቀበሌ ቤት ከሆነ አስተዳዳሪው ወረዳው ስለሆነ ከወረዳው የቤቶች አስተዳደር የእድሳት ፈቃድ በጽሑፍ ያስፈልጋል። የግል ሆኖ የውርስ ክርክር ካለበት ደግሞ አንዱ ወራሽ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ይመጣል። የተከራይ ቤት ከሆነ አድሳችሁ ስትጨርሱ አከራዩ ኪራይ ሊጨምርባቸው ወይም ሊያስወጣቸው ይችላል፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ኪራይ እንደማይጨምርና እንደማያስወጣ ምስክር ያለበት ውል ሳይፈርም ሚስማር አትምቱ።

ሁለተኛ፣ ሠፈሩ በኮሪደር ልማት ወይም በመልሶ ማልማት ዝርዝር ውስጥ ይኑር አይኑር ጠይቁ። በቅርቡ የሚነሳ ቤት ላይ 29 ቅጠል ማውጣት የለጋሹን ገንዘብ መጣል ነው። ለእንዲህ ያለ ቤት አሮጌውን ጣራ መጠገንና ዕቃውን ለሌላ ማዋል ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ልኩን አትቀይሩ። ግድግዳውን 30 ሳንቲ ወደ ውጭ መግፋት እድሳት አይባልም፣ ግንባታ ነው፤ ያኔ ደንብ አስከባሪ ማስቆሙ ተገቢ ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት አራቱንም ማዕዘን በሜትር ለክታችሁ ከጎረቤት ጋር ተፈራረሙ።

ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ እማማ የት ያድራሉ? ዕቃቸውስ? ይህን ከእድሩ ጋር ጨርሱ። እድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ ለሁለት ሳምንት ድንኳን ማዋስ አያቅተውም። የቤቶቹን ምርጫም ቢሆን ለእድሩ ተዉለት፤ ማን እንደተቸገረ ከክበቡም ከወረዳውም ይልቅ ያውቃል።

ጽድቀት
ወደ ችግኙ። በመጀመሪያ፣ አቮካዶው ከዝርዝሩ ይውጣ። ሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሥር ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አልፏል። የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ለጋውን አቮካዶ ይቆላዋል፣ ቢድን እንኳ ፍሬ ለማየት ትቸገራላችሁ። ለግቢ አፕል ይሻላል፤ ብርድ ይፈልጋል፣ ጨንቻ ላይ ምን እንዳደረገ የታወቀ ነው። ግን አፕል በየዓመቱ ካልተገረዘ ቅጠል ብቻ ነው፤ ስለዚህ 300 ከማደል 40 ሰጥታችሁ መግረዝ አሳዩ። ሁለት ዓይነት አፕል በአንድ አካባቢ ይኑር፣ አንድ ዓይነት ብቻውን ጥሩ አያፈራም።

ለተዳፋቱ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ። ዝግባ ጥላና እርጥበት ባለበት ወንዙ ዳር። ቆሞ ያለ ባህር ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ ከግንዱ በደንብ ካልራቃችሁ ውኃውን ይቀድማችኋል።

ጉድጓዱ አሁን ግንቦት ላይ ይቆፈር፣ 40 በ40 በ40 ሳንቲ። የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ፤ ሲተከል የላዩ ወደ ሥሩ ይመለሳል። በዚያው ቀን ተቆፍሮ በዚያው ቀን የሚተከል ችግኝ ጉድጓዱ 15 ሳንቲ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም ሰው ይደክመዋል፣ ሰልፉም ይጠብቃል። መትከሉ ዝናቡ አፈሩን 30 ሳንቲ ካራሰ በኋላ፣ ሐምሌ መጀመሪያ። ሐምሌ 22ን ጠብቃችሁ ከሆነ (የ2011 የአረንጓዴ አሻራ ቀን ስለነበረ ብዙ ክበብ ይወደዋል) ሁለት ሳምንት ዝናብ ታጣላችሁ፤ ሥር የሚሰድበት ጊዜ ደግሞ እስከ መስከረም አጋማሽ ብቻ ነው።

ፕላስቲኩ ይነሳል። መናገር አሳፋሪ ቢሆንም ከነፕላስቲኩ የሚተከል ብዙ ነው። በምላጭ ከጎን ሰንጥቃችሁ አውጡት፣ አፈሩ ሳይፈርስ፤ ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ቁረጡት። ካልተቆረጠ ሥሩ ክብ እየሠራ ያድግና ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ዛፉ በነፋስ ይገነደሳል። የግንዱ አንገት ከመሬት እኩል ይሁን፣ አይቀበር። ፕላስቲኩን በከረጢት ሰብስባችሁ ቁጠሩት፤ የፕላስቲኩ ቁጥር ከተተከለው ቁጥር ካነሰ አንዳንዱ ከነልብሱ ገብቷል ማለት ነው።

አሁን 1500 የሚለው። በ2.5 በ2.5 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይይዛል። ቦታው አንድ ሄክታር ይሞላል? አጥር አለው? አርባ ሰው በጥር 1500 ችግኝ፣ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር ቢያጠጣ 7,500 ሊትር ነው፣ 375 ጀሪካን ዳገት ላይ። አይደረግም። 400 ትከሉ፤ 2,000 ሊትር፣ 100 ጀሪካን፣ ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል።

ደጋ_ደን
ወንድሜ ጽድቀት፣ አብዛኛው ትክክል ነው፣ ውኃው ላይ ግን አልስማማም። ጽድና ወይራ በወቅቱ፣ ማለትም ሐምሌ መጀመሪያ፣ በደህና ጉድጓድ ከተተከሉ በዚህ ከፍታ ያለ ማጠጣት ይጸድቃሉ። የሚገድላቸው ሁለት ነገር ነው፦ ሣርና ከብት። ሣሩ መስከረም ላይ ችግኙን ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ሣር አጫጁ መጥቶ አብሮ ያጭደዋል። ስለዚህ መስከረም መጨረሻና ኅዳር ላይ፣ ሁለት ጊዜ፣ በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ክብ ይታረም፣ ሣሩም እዚያው ይነጠፍ (ምስጥ ካለ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ)። ከችግኙ በታች በኩል በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አፈር ከፍ አድርጎ ውኃ ማቆርም አለ፤ አፉ ወደ ዳገቱ ይዞራል። ወደ ቁልቁለቱ ያዞሩ ሰዎች ችግኙን ደረቅ ላይ አስቀርተውታል።

ከብቱን በተመለከተ፣ ሣሩን ለሚያጭዱት ነዋሪዎች በጽሑፍ ስጧቸው፣ አጭደው ይውሰዱ፣ እንዳይለቁበት ይጠብቁ። አጥር ሽቦ ከመግዛት ይህ ይበልጣል።

ጽድቀት
በጽድና በወይራ ላይ ተቀብያለሁ። ለኮሶና ለዝግባ ግን በመጀመሪያው በጋ ውኃ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የእነሱን ቁጥር 100 አድርጉና ውኃውን ለእነሱ ብቻ አውሉ። 400 የሚለው ቁጥር ግን አይነካ፤ ማረሙም እጅ ይፈልጋል።

ሲስተር_ደም
ልጆች፣ ነሐሴ 10 ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾም ላይ፣ እስከ ቅዳሴ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ደም አይሰጥም፤ ይዞራል፣ ይወድቃል። እናንተም ሰፈር ውስጥ 100 ሰው መዝግባችሁ 15 ይመጣላችኋል። ወይ ሰኔ 7ን ያዙ፣ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፣ ወይ ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት። በረመዳን ልገሳ ለሚያዘጋጁትም ይኸው ነው።

ለጋሹ ዕድሜው ከ18 እስከ 65፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት፤ በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። እንግዲህ ከአባሎቻችሁ ከግማሽ በላይ ተማሪ ከሆነ ብዙዎቹ ራሳቸው ለጋሽ አይሆኑም። የእነሱ ሥራ ቤት ለቤት መቀስቀስ፣ ወንበር መደርደርና ለስላሳ ማደል ነው። መዋሸት እንዳይኖር ዕድሜ በመታወቂያ ይታይ።

ለደም ባንኩ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ደብዳቤ አስገቡ፣ ለቡድኑ መምጣት ስንት ለጋሽ እንደሚጠብቁ ጠይቁ። ቦታው ምድር ቤት፣ ነፋስ ያለው፣ ውኃና የመብራት ሶኬት ያለው አዳራሽ ይሁን፤ ድንኳን በክረምት አይመከርም። ሦስት ክፍል ያስፈልጋል፦ መመዝገቢያና መመዘኛ፣ ለጋሹ ብቻውን የሚጠየቅበት ጥግ፣ መተኛና ማረፊያ። ያቺ ጥግ ከሌለች ሰው እውነቱን አይናገርም። መስመሩ በአንድ በር ገብቶ በሌላ ይውጣ። ደም መቅዳቱ ራሱ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ከምዝገባ እስከ ዕረፍት ግን እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለቸኮለ ሰው ይህንን ቀድማችሁ ንገሩት።

ከተመዘገቡት ጥቂት የማይባሉት ይመለሳሉ፦ የደም ማነስ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ፣ በቅርቡ ወባ የያዘው፣ መድኃኒት ላይ ያለ። የተመለሰ ሰው እንዳያፍር አብሮ ለስላሳ ይጠጣ፣ ለምን እንደተመለሰም ማንም አይጠይቀው። የምርመራው ውጤት የለጋሹና የደም ባንኩ ጉዳይ ነው፤ የክበብ ሰብሳቢ ዝርዝር ይሰጠኝ ማለት የለበትም። ገንዘብም ሽልማትም አይሰጥም።

ለጋሹ ከመምጣቱ በፊት ደህና ቁርስ ይብላ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ ይጠጣ። ከሰጠ በኋላ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። በዚያን ቀን ከባድ ነገር አያነሳም፣ መሰላል አይወጣም። ስለዚህ የደም ልገሳው ቀን ከጣራውም ከጉድጓዱም ቀን ጋር አይገናኝ።

የሰፈር_ክበብ
ሲስተር፣ እናመሰግናለን። አንድ ቀን አድርገን በዓመቱ መድገም ይበቃል?

ሲስተር_ደም
አይበቃም። የተለገሰ ቀይ የደም ሕዋስ ደም ባንክ ውስጥ 35 ቀን ነው የሚቆየው፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል) 5 ቀን። በአንድ ቀን 200 ሰው አሰልፎ ዓመቱን ዝም ከማለት በየሦስት ወሩ 40 ሰው ማምጣት ለሆስፒታል ይጠቅማል። የስልክ ዝርዝር ያዙ፣ ሦስት ወር ሲሞላ አጭር መልእክት ላኩ።

ደረሰኝ
ገንዘቡን ማንም አላነሳም። ቆርቆሮ ልግዛ ያለው ሰው ራሱ ይግዛ፣ ደረሰኙ በስሙ ይሁን፣ እናንተ የምትፈርሙት የዕቃ መረከቢያ ብቻ። ይህ ከሐሜት ያድናችኋል። ለትንሹ ወጪ (ሚስማር፣ ጭድ፣ ማጓጓዣ) የመግዣ ገንዘብ የሚይዝ አንድ ሰው፣ የሚያጸድቅ ሌላ፣ መዝገቡን የሚይዝ ሦስተኛ። ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው አይያዝ፣ የቱንም ያህል ብትወዱት። ጭድና የአህያ ጭነት ደረሰኝ የለውም፤ ሻጩ ስሙን ጽፎ የሚፈርምበት ወረቀት አዘጋጁ፣ አንድ ምስክር ይጨመር።

መዋጮ በግል ሰው ሒሳብ አትሰብስቡ። ክበቡ በትምህርት ቤት ወይም በወረዳ ሥር ከሆነ በእነሱ በኩል ይሁን። ራሳችሁን ችላችሁ መቆም ከፈለጋችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ይቻላል፤ ለማኅበር አምስት አባላት ይበቃሉ፣ የአስተዳደር ወጪያችሁም ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ከተመዘገባችሁ በኋላ ግን ዓመታዊ ሪፖርት አለ። በዓመት ሁለት ቤት ለሚያድስ ክበብ ይህ ያስፈልጋል ወይ? በእኔ እይታ አያስፈልግም፤ ከእድር ጋር ሥሩ።

ሜሪላንድ_ነዋሪ
እዚህ ዲሲ አካባቢ ያለን የሰፈሩ ተወላጆች ለማገዝ ተነጋግረናል። አሮጌ ልብስና ጫማ ሰብስበን በኮንቴይነር ብንልክስ? የአረጋውያኑም ፎቶ ቢላክልን ሰው ለማሰባሰብ ይረዳል።

ደረሰኝ
ልብሱን ተዉት፣ እህቴ። የጉምሩኩና የመጓጓዣው ወጪ ብቻውን ሌላ ጣራ ይሆናል። ይልቅ ለይታችሁ ያዙ፦ «የአንድ ቤት ሞራሌ»፣ «የአንድ ቤት የድንጋይ ከበባ»። በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ ይመጣላችኋል። ፎቶውን በተመለከተ የጣራው ከበፊትና ከበኋላ ይበቃል። እማማ ከቆርቆሮ አጠገብ ቆመው እንዲነሱ ማድረግ አይገባም፤ ጣራ ለሚሰጣቸው ሰው እምቢ ማለት እንደማይችሉ ይታወቃል።

ቱቦ_ጠራጊ
አንድ ነገር ረስታችኋል፣ ግንቦት ላይ የሰፈሩን ቦይ መጥረግ። የታደሰው ቤት ግድግዳ የሚበላው ከጎረቤት ቦይ የሞላው ውኃ ነው። የወጣው ደለል በዚያው ቀን ካልተጫነ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል፤ መኪናው ሳይረጋገጥ አካፋ አታንሱ።

የሰፈር_ክበብ
ዕቅዱ እንዲህ ተቀይሯል። ግንቦት፦ የወረዳ ደብዳቤ፣ ከእድሩ ጋር የቤት ምርጫ፣ ቦይ ጠረጋ፣ ጭቃ ማቡካት፣ 400 ጉድጓድ። ሰኔ 7 ለደም ልገሳ ሦስት ሳምንት ስለሚያስፈልግ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይገባል። የአንዱ ቤት ግድግዳ እስከ ሰኔ 15፣ የሁለተኛው ጥቅምት። ጣራዎቹ ሁለቱም ሐምሌ፣ በተለያየ ሳምንት። ችግኝ ሐምሌ 3፦ 300 ጽድና ወይራ፣ 100 ኮሶና ዝግባ። አፕል 40። አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ጭቃው ከጣራው በፊት ከተመረገ፣ ጣራው ሲከፈት ግድግዳው ዝናብ አይመታውም?

ምርጊት
ቤቱ በደንብ ከደረቀ የአንድ ከሰዓት ዝናብ የሚያበላሸው አናቱን ነው። ጣራው በሚከፈትበት ቀን የግድግዳውን ጫፍ ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍናችሁ በድንጋይ ጫኑት፤ 20 ሜትር ላስቲክ ይበቃል። ጣራው ከተመታ በኋላ በግድግዳውና በወራጁ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ለመድፈን ከመጀመሪያው ጭቃ ሁለት በርሜል አስተርፉ፣ እንዳይደርቅ ውኃ እየጨመራችሁ።

አናጢው
ልክ ነው። ያ ክፍተት ግን ሙሉ በሙሉ አይደፈን፤ በአጭሩ ጎን ከላይ አንድ የጢስ መውጫ ተዉ፣ በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት። እማማ በከሰል የሚያበስሉ ከሆነ ተደፍኖ የተዘጋ ቤት አደጋ ነው።